የሰው ቤት የገባ ሙሳፊር፦ ኢብን በጡጣ ከጠንጃ እስከ ቻይና



ኢብን በጡጣን በስም የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ብዙዎቻችን የምናውቀው ግን ቁጥሩን ነው። 29 ዓመት ያህል በመንገድ ላይ ቆየ፤ የተጓዘው ርቀት ወደ 117 ሺህ ኪሎ ሜትር ይገመታል። እኔም የምሕንድስና ተማሪ ነኝና ቁጥር ይማርከኛል፤ ርቀቱን ለቀናቱ ሳካፍለው በቀን 11 ኪሎ ሜትር ገደማ መጣልኝ። ይህ እንግዲህ ከኮልፌ ተነስቶ መገናኛ አካባቢ በእግር እንደመድረስ ያለ ነው። በዓለም ላይ ብዙ ተጓዘ የሚባለው ሰው፣ በአማካይ ሲታይ በጣም ቀርፋፋ መንገደኛ ነበር ማለት ነው።

ቀርፋፋነቱ ግን መንገዱ ስለከበደው ብቻ አልነበረም። ያስቆመው ሰው ነው። አንዱ ጋብዞት፣ ሌላው ቤቱን ለቆለት፣ አንዱ ልጁን ድሮለት፣ አንዱ ከተማ ቃዲ አድርጎ ሾሞት ይቀመጣል። የጉዞ መጽሐፉን፣ ሪሕላ የምንለውን፣ ስናገላብጥ አንድ ነገር እናስተውላለን፦ እንግዳ ብለው ቤታቸው ስላስገቡት ሕዝቦች ምግባቸውን፣ ልብሳቸውን፣ የልጆቻቸውን አስተዳደግ ሳይቀር ይተርካል። ከደጅ ሆኖ ስላለፋቸው ሀገሮች ግን ሁለት መስመር ጽፎ ይሄዳል፤ ሁለቱም መስመር ብዙ ጊዜ ስሞታ ነው። ይህንን ልዩነት ይዤ ነው ሕይወቱን የምተርከው።

ሙሉ ስሙ አቡ ዐብደላህ ሙሐመድ ኢብን ዐብደላህ ሲሆን፣ በረጀብ 17 ቀን 703 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1304) በሞሮኮዋ ጠንጃ፣ ዛሬ ታንጂር በምትባለው ከተማ፣ ቃዲዎች ከወጡበት ቤተሰብ ተወለደ። በ725 ሂጅራ (1325) ረጀብ ወር፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ ሐጅ ለማድረግ ብቻውን ወጣ። አባትና እናቱ በሕይወት ነበሩ፤ መለየቱ እሱንም እነሱንም አሳመማቸው። ዕድሜው የእኛ የሦስተኛ ወይም የአራተኛ ዓመት ተማሪ ዕድሜ መሆኑን ልብ በሉ።

ያ ወጣት ጀግና ሆኖ አልወጣም። አልጄሪያ ላይ ትኩሳት ያዘው። ከፈረሱ እንዳይወድቅ ራሱን በጥምጣሙ ከኮርቻው ጋር አስሮ ተጓዘ። ቱኒስ ሲደርሱ የከተማው ሰዎች መንገደኞቹን ሊቀበሉ ወጡ። አንዱ ከአንዱ እየተቃቀፈ፣ ሰላምታና ጥያቄ እየተለዋወጠ፣ እሱን ግን ዞር ብሎ ያየው የለም፤ የሚያውቀው ሰው አልነበረምና። እዚያው ቆሞ አለቀሰ። ከሐጅ መንገደኞቹ አንዱ ማልቀሱን አይቶ ቀረበውና እያጫወተው ወደ ከተማ አስገባው። ኢብን በጡጣ ይህንን ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ሲያስጽፍ አልረሳውም። ሰላም ያላለውን ሕዝብም፣ ሰላም ያለውን አንድ ሰውም አስታወሰ። ከክፍለ ሀገር መጥቶ በመጀመሪያው ሳምንት ግቢው በር ላይ ሻንጣውን ይዞ የቆመ ተማሪ ይህንን ታሪክ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ግብጽ ሲደርስ እስክንድርያ ውስጥ ቡርሃኑዲን የሚባሉ አንድ ዛሂድ ሸይኽ ዘንድ ሦስት ቀን በእንግድነት ተቀመጠ። ሸይኹ ልጁ መዞር እንደሚወድ ገባቸው። ሕንድ፣ ሲንድና ቻይና ውስጥ ላሉ ሦስት ወንድሞቻቸው ሰላምታ እንዲያደርስላቸው ነገሩት። ኢብን በጡጣ እስከዚያች ቀን ድረስ ወደነዚያ ሀገሮች የመሄድ ሐሳብ አልነበረውም። የሸይኹ ቃል ልቡ ውስጥ ገባ፤ በኋላም ለሦስቱም ሰላምታቸውን እንዳደረሰ ተናግሯል። ሰው ለአንድ አደራ ሰላምታ ሲል ቻይና ሊሄድ ይችላል!

በ726 ሂጅራ (1326) የመጀመሪያ ሐጁን አደረገ። ከዚያ ኢራቅና ፋርስን አዳርሶ ተመልሶ መካ ላይ ለዒልም ተቀመጠ። ይህንን በፍጥነት አልፌ ወደኛ ሰፈር ልምጣ።

በ1330 አካባቢ ከየመን ተነስቶ ባሕሩን ተሻገረና ከዐደን አራት ቀን ተጉዞ ዘይላዕ ደረሰ። ዘይላዕ ያኔ የኢፋትና የሌሎቹ የሙስሊም ሱልጣኔቶች የባሕር በር ነበረች። ከላይ በደጋው ዐምደ ጽዮን የነገሠበት ዘመን ነው። እንግዲህ ነጃሺ ሰሓባዎችን ያስጠለሉባት ሀገር ደጃፍ ላይ ደርሷል፤ አንድ ሐበሻ አንባቢ ልቡ ተንጠልጥሎ ገጹን ይገልጣል። የሚያገኘው ግን ጥቂት መስመር ነው፦ ከተማዋ ትልቅ፣ ገበያዋም ሰፊ ናት፤ ነገር ግን በዓለም ላይ እንደሷ የቆሸሸና የሚሸት ከተማ የለም፤ ምክንያቱም ዓሣው በዝቷል፣ ግመልም መንገድ ላይ ይታረዳል። ሽታውን ሸሽቶ፣ ባሕሩ እየተናወጠ እንኳ፣ መርከቡ ላይ አደረ። አለቀ።

የሚገርመው በዚያው ዘመን አል-ዑመሪ የሚባል ሌላ ጸሐፊ፣ ሀገራችንን ሳይረግጣት፣ ከዘይላዕ ሰው ከሸይኽ ዐብደላህ አዝ-ዘይለዒ ጠይቆ ሰባት የሙስሊም ግዛቶችን ዘርዝሮ መጻፉ ነው፦ ኢፋት፣ ደዋሮ፣ አራባብኒ፣ ሐድያ፣ ሸርኻ፣ ባሌና ዳራ። ሕዝቡ ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚዘራ፣ በምን እንደሚገበያይ ጭምር አሰፈረ። ያቺ የምትሸት ከተማ ስሟን የሰጠቻቸው ዑለማዎችም በዚያ ክፍለ ዘመን ካይሮ ላይ ታላላቅ ኪታቦችን ጽፈዋል፤ የነስቡ ራያ ባለቤት ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒ (ያረፉት በ762 ሂጅራ) አንዱ ናቸው። አንዱ ቁጭ ብሎ አንድ ዘይላዓዊን አዳመጠ፤ ሌላው እዚያው ደርሶ አፍንጫውን ይዞ መርከብ ላይ አደረ። ኢብን በጡጣን እወደዋለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ታላቅ ዕድል አምልጦታል ብዬ አምናለሁ። እኛም አብሮን አምልጦናል።

ከዘይላዕ 15 ሌሊት ቀዝፈው መቅዲሹ (ሞቃዲሾ) ደረሱ። እዚህ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። መርከብ ሲመጣ የከተማው ወጣቶች በትንንሽ ጀልባ ሆነው፣ እያንዳንዳቸው ክዳን ያለው የምግብ ሳሕን ይዘው ይወጣሉ። ሳሕኑን ለአንዱ ነጋዴ ያቀርብና ይህ የኔ እንግዳ ነው ይላል። ነጋዴው ከመርከብ ሲወርድ ወደዚያ ወጣት ቤት እንጂ ወደ ሌላ አይሄድም። የሚሸጠውን የሚሸጥለት፣ የሚገዛውን የሚገዛለት ባለቤቱ ነው። እንግዳውን ያታለለ ንግድ፣ ባለቤቱ ሳይገኝም የተደረገ ግዢ፣ በነሱ ዘንድ ውድቅ ነው። እንግድነት ምግብና መኝታ ብቻ ሳይሆን ዋስትናም ነበር ማለት ነው።

ወጣቱ ኢብን በጡጣን ሊወስደው ሲል ነጋዴ ሳይሆን ፈቂህ መሆኑ ተነገረውና ወደ ሱልጣኑ ቤት ተወሰደ። ያረፈው የት መሰላችሁ? ለዒልም ፈላጊዎች በተዘጋጀው ቤት፣ በኛ አነጋገር በደረሳዎች ቤት። በትልቅ የእንጨት ገበታ በቅቤ የተሠራ ሩዝ፣ ከላዩ የዶሮ፣ የሥጋ፣ የዓሣና የአትክልት ወጥ ቀረበለት። በሌላ ሳሕን በወተት የተቀቀለ ያልበሰለ ሙዝ፣ በሌላው ደግሞ እርጎ፣ ከጎኑም በጨው የተያዘ ሎሚ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ እርጥብ ዝንጅብልና ማንጎ ተደረደረ። አንድ የመቅዲሹ ሰው የሚበላው እነሱ በጀማዓ ሆነው የሚበሉትን ያህል መሆኑንም ሳይደብቅ ነግሮናል። ሦስት ቀን፣ በቀን ሦስት ጊዜ እንዲህ ተበላ። በአራተኛው ቀን፣ ጁሙዓ ስለነበር፣ ለሶላት የሚለብሱት ልብስ መጣላቸው። የወረቧትን ማንጎ እስከ ዛሬ የምናውቀው እሱ አንዲት ቤት ገብቶ ስለተቀመጠ ነው።

ይህ ልማድ ለኛ አዲስ አይደለም። ወሎ ውስጥ ጃማ ንጉሥ፣ ዳና፣ ገታ በሚባሉት የዒልም ማዕከሎች ደረሳ ፊቅሁን ከአንዱ ሸይኽ፣ ነሕውን ከሌላው፣ ተፍሲሩን ከሦስተኛው ለመቅራት በእግሩ ከሀገር ሀገር ይዞር ነበር። ያበላው የነበረው ገበሬው ነው። መድረሳ ሳለን ያስተማሩን ኡስታዞች ስለ ቂርኣት ዘመናቸው ሲያወሩ ከኪታቡ ስም እኩል የሚያነሱት ጎመንና ቂጣ ያቀረበችላቸውን እናት ነው። ኢብን በጡጣ ከነሱ የሚለየው መንገዱ በመርዘሙ ይመስለኛል።

በ1330ዎቹ መጀመሪያ አናጦልያ፣ የዛሬዋ ቱርክ ገባ። ከሁሉም የምወደው የሪሕላው ክፍል ይህ ነው። አንጣልያ ከተማ ውስጥ ያረጀ ልብስ የለበሰ አንድ ሰው መጥቶ እሱንና ጓደኞቹን ለእራት ጠራቸው። ቋንቋውን የሚተረጉምላቸው ሸይኽ ነገሩን ሲያስረዳ ኢብን በጡጣ ሰውየው ድኻ መስሎት እንዳያስቸግሩት ፈራ። ሸይኹ ሳቀ። ሰውየው ጫማ ሰፊ ነው፤ ግን ከሁለት መቶ የእጅ ባለሙያዎች በላይ አለቃቸው አድርገው የመረጡት አኺ ነው። እነዚህ ባለሙያዎች ቀን ሠርተው ያገኙትን ከዐስር በኋላ ለአለቃቸው ያስረክባሉ፤ በገንዘቡ ምግብና ፍራፍሬ ይገዛል። የዚያን ቀን መንገደኛ ከመጣ ይስተናገድበታል። ካልመጣም ራሳቸው ተሰብስበው ይበሉታል፤ ጠዋት ወደ ሥራቸው ይበተናሉ። እድርና እቁብ እንጂ ለመንገደኛ ማዋጣት እኛ ሰፈር አላየሁም፤ ቢጀመር አጠና ተራ ያሉ አናጢዎች የሚያንሱ አይመስለኝም።

ላዚቅ በምትባል ከተማ ደግሞ ገበያ ሲያቋርጡ ሰዎች ከሱቃቸው ወጥተው የፈረሶቻቸውን ልጓም ያዙ። ሌሎች መጥተው ተጣሏቸው፤ ጩቤ ሳይቀር ተመዘዘ። መንገደኞቹ ቱርክኛ አያውቁምና ሽፍቶች የከበቧቸው መሰላቸው፤ በጣም ፈሩ። ዐረብኛ የሚችል አንድ ሐጂ ደርሶ ነገሩን ገለጠላቸው፦ ሁለት የአኺ ማኅበሮች እንግዶቹን የማስተናገድ ክብር ለኛ ይገባል ተባብለው ነው ጠቡ። ዕጣ ተጣለና ተራ በተራ አስተናገዷቸው።

ቋንቋ ሳያውቁ መንገድ መውጣት ሌላም ጉድ አለው። አንድ ቦታ ቅቤ ግዛልን ብለው በዐረብኛ ሰምን ሲሉ የተላከው ሰው ገለባ ይዞ መጣ፤ በቱርክኛ ሰማን ማለት ገለባ ነው። እዚያው አካባቢ ዐረብኛ እችላለሁ ባይ አንድ ፈቂህ ነበር። ሲያናግሩት አንድም ቃል አልገባውም። በሰዎቹ ፊት እንዳያፍር እነዚህ የሚናገሩት የጥንቱን ዐረብኛ ነው፣ እኔ የማውቀው አዲሱን ነው አላቸው። ሰዎቹም አመኑት፤ የጥንቱን የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ቋንቋ የሚናገሩ እንግዶች መጡልን ብለው አብዝተው አከበሯቸው። ኢብን በጡጣ ያኔ አልገባውም፤ በኋላ ፋርስኛ ሲማር ነው ነገሩን የተረዳው።

በ734 ሂጅራ ሙሐረም መግቢያ (1333) ኢንዱስ ወንዝ ደረሰ። የዴልሂው ሱልጣን ሙሐመድ ኢብን ቱጉሉቅ ቃዲ አድርጎ ሾመው። ሕንድ የቆየባቸው ዓመታት ብዙ ሀብት፣ ብዙ ዕዳና ብዙ ፍርሃት የተቀላቀሉባቸው ናቸው፤ ሱልጣኑ በአንድ እጁ የሚሰጥ፣ በሌላው የሚገድል ሰው ነበርና። አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። እዚያ ሕንድ መሐል አላፑር የምትባል ከተማ ገዥ በድር የሚባል ሐበሻ ነበር፤ በድፍረቱ ስሙ የገነነ ጦረኛ። በሕንድ ውቅያኖስም በተሳፈረበት መርከብ ላይ ሐምሳ ሐበሾች ጠባቂ ሆነው ነበር። የባሕር ወንበዴ ሐበሻ ያለበትን መርከብ አይደፍርም ነበር ይለናል። ዘይላዕ ላይ ሊጠይቃቸው ያልወረደላቸው ሰዎች ሕንድ ድረስ ቀድመውት ነበር። ብዙዎቹ ግን በፈቃዳቸው የሄዱ ተጓዦች አልነበሩም፤ በባርነት ተሸጠው የሄዱ ናቸው። ራሱ ኢብን በጡጣም ባሪያ ይገዛና ይሸጥ፣ በስጦታ ይቀበል፣ ያገባቸውን ሴቶች እየፈታ ይሄድ ነበር። ይህንን የምጽፈው ለማሳጣት አይደለም፤ መጽሐፉን የሚያነብ ወንድም ወይም እህት ድንገት ሲያገኘው እንዳይደነግጥ ነው።

በ743 ሂጅራ (1342) ሱልጣኑ ከብዙ ስጦታ ጋር መልእክተኛ አድርጎ ወደ ቻይና ላከው። ጉዞው ገና በመጀመሪያው ተሰናከለ። ኮል በምትባለው ከተማ አቅራቢያ ከጓደኞቹ ተነጥሎ በሽፍቶች እጅ ወደቀ። ልብሱንና መሣሪያውን ተዘርፎ፣ ሊገድሉት ከነበሩት እጅ አምልጦ፣ ቅጠል እየበላ ቀናት ተንከራተተ። መራመድ ሲያቅተው አንድ የማያውቀው ጥቁር ሰው ውኃና ምግብ ሰጠው። ከዚያም በትከሻው ተሸክሞት ሄደ፤ ኢብን በጡጣም ዚክር እያደረገ እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ መንደር ደርሷል፤ ሰውየው ግን የለም።

ከሊኩት ወደብ ላይ ደግሞ ስጦታው ሁሉ ጀንክ በሚባለው ትልቁ የቻይና መርከብ ተጫነ። እሱ ለጁሙዓ ሶላት ምድር ላይ ቀረ። ሌሊት ማዕበል ተነስቶ መርከቡን ሰባበረው፤ ውስጡ የነበሩት ሞቱ። ዕቃው ያለበት ሁለተኛው መርከብም ጥሎት ሄደ። የሱልጣኑ መልእክተኛ አሥር ዲናርና የተኛበት ምንጣፍ ይዞ ባሕር ዳር ቀረ።

ወደ ዴልሂ መመለስ ፈራ። ማልዲቭ ደሴቶች ገብቶ ቃዲ ሆነ፤ አገባ፤ ከባለሥልጣናት ተጋጨና ለቀቀ። ከዚያ ሲወጡ አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ አረፉ። ያለባት አንድ ቤት ብቻ ነው፤ የሸማኔ ቤት። ሚስትና ልጆች፣ ጥቂት የኮኮናት ዛፎች፣ ዓሣ የሚያጠምድባት አንዲት ጀልባ። የነገሥታት ወርቅ ያየው ሰው በዚህ ሸማኔ ቀና። ያቺ ደሴት የኔ ሆና እዚያው በቀረሁ ብሎ ተመኘ።

በመጨረሻ በሴሎን፣ በቤንጋልና በሱማትራ በኩል አድርጎ በ1346 አካባቢ ቻይና ደረሰ። የወረደው ዘይቱን ብሎ በሚጠራት ወደብ ነው፤ ዛሬ ችዋንዡ ትባላለች። ያየው ነገር ብዙ ነው። ድኻው ሳይቀር ሐር ይለብሳል። ገንዘቡ ወረቀት ነው። ሸክላው ከየትኛውም ሀገር ይበልጣል። ከሁሉም የገረመው የመንገዱ ጸጥታ ነው፤ ብቻውን የሆነ ሰው ብዙ ገንዘብ ይዞ የወራት መንገድ ሲሄድ የሚነካው የለም። በየማረፊያው ሹም አለ። ማታ የእንግዶቹን ስም መዝግቦ በሩን ይቆልፋል፤ ጠዋት በስማቸው ጠርቶ ይቆጥራቸዋል፤ ከዚያ እስከ ሚቀጥለው ማረፊያ የሚያደርሳቸው ሰው ይመድባል። አንድ ቀን ገበያ አቋርጠው ሄደው ማታ ሲመለሱ የራሳቸው ምስል ወረቀት ላይ ተስሎ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አገኙት። አጥፍቶ ለሚሸሽ የውጭ ሰው መያዣ ይሆን ዘንድ የተደረገ ነበር። መታወቂያና የጥበቃ ካሜራ በአንድ ላይ ማለት ነው፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን!

ሥርዓቱን እንዲህ አድንቆ ሲያበቃ ሀገሩ ደስ እንዳላለው ግልጽ አድርጎ ይናገራል። ከቤት ሲወጣ የማይወደውን ነገር ስለሚያይ ካልቸገረው በቀር አይወጣም ነበር። ሙስሊም ሲያገኝ ግን የገዛ ቤተሰቡን ያገኘ ያህል ይሰማዋል። በየከተማው ሙስሊሞች የየራሳቸው ሰፈር፣ መስጂድና ቃዲ ነበራቸው። ጓንግዡ ላይ ያረፈው ከሲንጃር የመጡ አንድ ባለጸጋ ቤት 14 ቀን ነው። ኸንሳ በሚላት በሃንግዡ ደግሞ ከግብጽ መጥቶ በቀረ ዑስማን በሚባል ነጋዴ ልጆች ቤት 15 ቀን ተቀመጠ። የኢራን ነጋዴ፣ የኢስፋሃን ሸይኽ፣ የአርደቢል ቃዲ ሁሉም አስተናግደውታል። የቻይናዊ ገበሬ ወይም የሸክላ ሠሪ ቤት ገብቶ ስለመብላቱ ግን የተጻፈ ነገር የለም። በወንዝ ጀልባ ቀናት ሙሉ በመንደርና በእርሻ መሐል አልፏል፤ የአንዱም ባለ እርሻ ስም አልተነገረንም። ከሃንግዡ በስተሰሜን እስከ ዋና ከተማው ድረስ ሄድኩ ያለውን ደግሞ ብዙ ተመራማሪዎች አይቀበሉትም።

የሐላል ምግብ ጉዳይ ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ አልፈርድበትም። ነገር ግን ጉዳዩ ለኛም ቅርብ ነው። ከጦር ኃይሎች እስከ አያት ያለውን የባቡር መስመር የሠሩት ቻይናውያን ናቸው። የቀለበት መንገዱንም እነሱ ሠርተውታል። ስንቶቻችን አንድ ቻይናዊ ቤታችን ጠርተን ቡና አጠጥተናል? እነሱም በካምፓቸው አጥር ውስጥ፣ እኛም በሰፈራችን። ከኛ ግቢ ተመርቀው ለማስተርስ ቻይና ሄደው የተመለሱ ወንድሞችን ስጠይቅ ስለ ላብራቶሪው፣ ስለ ፈጣኑ ባቡር፣ በስልክ ስለመክፈል ብዙ ይነግሩኛል። የሰው ቤት ገብተህ ታውቃለህ ስላቸው ዝም ይላሉ። ዶርም ውስጥ ሐበሻ ከሐበሻ ጋር ነበርን ይላሉ። ደግሞ እኮ ሁዪ የሚባሉት ቻይናውያን ሙስሊሞች በየከተማውና በየገጠሩ አሉ፤ የሐላል ምግብ ቤት ምልክታቸውም ቀድሞ በዐረብኛ ፊደል ይጻፍ ነበር። በሩ ተዘግቶ አይደለም።

ቻንጃንፉ ብሎ በጠራት ከተማ ሳለ አንድ የተከበሩ ፈቂህ በጀልባ መጡ ተባለ። ገብተው ሲጨዋወቱ ኢብን በጡጣ ፊታቸውን ያየው መሰለው፤ ትኩር ብሎ አያቸው። ሀገራቸውን ሲጠይቅ ሰብታ (ሴውታ) አሏቸው፤ ከጠንጃ ብዙም የማትርቅ ከተማ። አል-ቡሽሪ ነበሩ። ድሮ ዴልሂ ላይ ተገናኝተዋል፤ ያኔ ሙወጧእን በቃሉ የያዘ ጢም ያላበቀለ ወጣት ነበር። ሁለቱም በዓለም ዳርቻ ላይ ቁጭ ብለው ተላቀሱ። ቻይናን ከዞረበት ጊዜ ሁሉ ልቡ የተነካው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የመልስ ጉዞው የሐዘን ነው። በ1348 ደማስቆ ሲደርስ ከሃያ ዓመት በፊት እዚያ ትቷት ከሄደ ሚስት ስለተወለደለት ልጅ ጠየቀ። ልጁ ከሞተ 12 ዓመት ሆኖታል። አባቱም ከሞቱ 15 ዓመት አልፏቸዋል፤ እናቱ ግን በሕይወት አሉ ተባለ። ያ ዓመት ታላቁ ወረርሽኝ የገባበት ነው፤ በየከተማው በቀን የሚቀበረውን እየቆጠረ አለፈ። ሞሮኮ ገብቶ ጠንጃ ሳይደርስ እናቱም በዚያው ወረርሽኝ መሞታቸውን ሰማ። በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶች በእንግድነት የተቀበሉት ሰው የራሱ ቤት ሲደርስ የሚከፍትለት አልነበረም። መቃብራቸውን ዘየረ።

ብዙም ሳይቀመጥ በ1352 ሰሐራን አቋርጦ ወደ ማሊ ሄደ። መንገድ ላይ ሲጂልማሳ ያስተናገደው ፈቂህ፣ ቻይና ላይ አብሮት ያለቀሰው የአል-ቡሽሪ ወንድም ነበር። ማሊ ውስጥ ሱልጣኑ የእንግዳ ስጦታ ላከልህ ሲባል ወርቅና ልብስ ጠብቆ ተነሳ። የመጣው ሦስት ዳቦ፣ ቁራጭ ሥጋና እርጎ ነው። ሳቀባቸው፤ በኔ አስተያየት ሊስቅ አይገባም ነበር። ሆኖም ለወራት ሲቀመጥ የሀገሩን ፍትሕ፣ የመንገዱን ጸጥታ፣ ልጆቻቸውን ቁርኣን ለማስሐፈዝ ያላቸውን ጥብቅነት ዘርዝሮ አመሰገነ። መቀመጡ ነው ሐሳቡን ያስለወጠው።

በ1354 ሲመለስ የሞሮኮው ሱልጣን አቡ ዒናን ያየውን ሁሉ እንዲያስጽፍ አዘዘ። ጸሐፊው ወጣቱ ኢብን ጁዘይ ነበር። ኢብን በጡጣ አብዛኛውን በቃሉ ተናገረ፤ አንዳንዱን ማስታወሻውን ባሕር ላይ ተዘርፏልና። ኢብን ጁዘይ አሳመረው፤ በአንዳንድ ቦታም ከቀደሙ ተጓዦች መጽሐፍ ጨመረበት። በዙልሒጃ 756 ሂጅራ (ዲሴምበር 1355) ተጠናቀቀ። ፌዝ ውስጥ ብዙ ሰው ውሸታም አለው፤ ይህንን ኢብን ኸልዱን ጽፎታል።

ከዚያ በኋላ ኢብን በጡጣ የትም አልሄደም። በሀገሩ በአንዲት ከተማ ቃዲ ሆኖ ሰው ሲያስታርቅና ሲፈርድ ቆይቶ በ770 ሂጅራ (1368 ወይም 1369) ወደ አኺራ ሄደ። ረሒመሁላህ። በ1368 ቻይናም የሞንጎሎቹ መንግሥት ወድቆ ሚንግ ተተካ፤ በየወደቡ ያስተናገዱት ነጋዴዎች ሰፈርም እንደድሮው አልቆየም። ችዋንዡ ውስጥ ግን በ400 ሂጅራ ተሠርቶ በ710 የታደሰ መሆኑ በዐረብኛ የተቀረጸበት የድንጋይ መስጂድ አለ። ጣራው ፈርሷል፤ በሩ ዛሬም ቆሟል። ፉጅያን ክፍለ ሀገር የትምህርት ዕድል የሚያገኝ ካለ ይዘይረው።